እማማ ሲዶኒያ በር ላይ የሚረዝም መዝሙር

ካኒጉ ተራራ ላይ በረዶው ሳይቀልጥ ታች ሜዳው ላይ የኮክ ዛፍ ካበበ፣ ፋሲካ ደረሰ ማለት ነው። በቀዳም ሥዑር፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ የመንደራችን ወንዶች ቀይ ቆባቸውን ደፍተው፣ ወገባቸውን በቀይ መቀነት ታጥቀው፣ ቅርጫት አንጠልጥለው ከቤት ቤት ይዞራሉ። የሚዘምሩት የእመቤታችንን ሰባት ደስታዎች ነው፤ ለእያንዳንዱ ደስታ አንድ አንጓ አለው። የሚሰበስቡት እንቁላል ነው፤ ቋሊማ የሰጠም አይመለስበትም። በየደጃፉ መሪው በሩን በበትሩ ይመታና ያቺኑ የጥንት ጥያቄ ይጠይቃል፦ «እንዘምር ወይስ እንጸልይ?» ዓመቱን በደህና ያሳለፈ ቤት «ዘምሩ» ይላል። ሰው የሞተበት ቤት «ጸልዩ» ይላል፤ ያኔ ቆባቸውን አውልቀው አባታችን ሆይ ደግመው ሳይዘምሩ ያልፋሉ። ሰው ያለበት በር ሁሉ ይመታል። ሌባም ይሁን ባለዕዳ፣ ከሚስቱ የተጣላም ይሁን ከቄሱ፣ በዚያ ቀን በሩ ይመታለታል። ብዙ ዓመት በሩ ሳይመታለት የኖረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም የመዝሙሩ መሪ የራሱ ልጅ ነበር።

ስሙ ጋልድሪክ ነው። አባቱ አብዶን የወይን ገበሬ ናቸው፣ የመዝሙሩ መሪ ናቸው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የመንደሩ ራግቢ ቡድን አለቃ ናቸው። ያኔ እኛ ዘንድ ራግቢ ማለት በየወገኑ አሥራ አምስት ሆነው፣ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡና እየተጣጣሉ የሚጫወቱት ነበር፤ ሌላ ዓይነት መኖሩን የሰማ ሰው ቢኖር እንኳ አልሰማሁም ይል ነበር። አብዶን እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት ለከሰዓት በኋላው ግጥሚያ ለመማለድ ነው እየተባለ ይታሙ ነበር። ቄሱም ነገሩ ስለገባው ስብከቱን ያሳጥራል።

ጋልድሪክ የሚሰለፈው ከፊት ረድፍ ነው። የዚያን ቦታ ሰው «ምሰሶ» ይሉታል። ስምንት ሰው ከስምንት ሰው ጋር አንገት ላንገት ተቆላልፎ ሲገፋፋ፣ ያንን ሁሉ ክብደት በትከሻው ይዞ የሚቆመው ምሰሶው ነው። ክብሩ ትልቅ ነው፤ የሚታየው ነገር ግን ጭቃና የሰው መቀመጫ ነው። መዝሙሩም ላይ ቦታው ከዚህ አይሻልም። ከሁሉ የወፈረውን ድምፅ የሚይዘው እሱ ስለሆነ ከኋላ ይቆማል፤ ያንን ድምፅ ደግሞ «መሠረት» ይሉታል። እንግዲህ ሰውየው ሜዳ ላይ ምሰሶ፣ መዝሙር ላይ መሠረት ሆኖ ሌላውን ሲሸከም ነው ያደገው። ኳሷንማ ከጳጳሱ ይበልጥ ነካት ማለት ይከብዳል።

ሲተኛ ግን ሕልም አለው፤ ሕልሙም ሁሌ አንድ ነው። ኳሷን ደረቱ ላይ አቅፎ ይሮጣል። ሣሩ አያልቅም፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይወርዳል። የሚያባርረው የለም፣ የሚጮኽለትም የለም፤ የራሱን ትንፋሽ ብቻ ይሰማል፣ እግሩም መሬቱን ነካ አይነካ አያውቀውም። ሲነቃ ትከሻው እንደቆሰለ፣ ጆሮው እንዳበጠ ነው። ይህን ሕልም ለማንም አልነገረም። ምሰሶ እንዲህ ያለ ሕልም አለኝ ቢል ማን ይሰማዋል?

አንድ መከር ላይ ጎድኑን ተጎድቶ ከጨዋታ አረፈ። በዚያው ሰሞን የአክስቱ ልጅ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ከተማ ወረደ፣ ከምሳው በኋላ ሆዱን ሊያንሸራሽር ሲወጣ ሕዝብ የሚጮኽበት ሜዳ አገኘ። አጥሩን ተደግፎ አየ። ከእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሰው ጎድሏል፣ አሥራ ሦስት ናቸው፤ በጎደሉት ልክ ሜዳው ሰፍቷል። እሱን የገረመው ግን ይህ አልነበረም። የገረመው የወደቀው ሰው ነው። በአሥራ አምስቱ ጨዋታ የወደቀ ሰው ወዮለት፤ የራሱም የባዳውም ይከመርበታል፣ ከሥር ሲወጣ ጆሮው የት እንደቀረ ይፈልጋል። እዚህ የጣሉት ሰዎች ለቀቁት። ለቀውትም ወደኋላ አሉ። ሰውየው ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ኳሷን እግሩ ሥር አስቀመጠ፣ በጫማው ወደኋላ ገፋት፣ ጨዋታው ቀጠለ። ሌላውም ወደቀ፣ እሱንም ጠበቁት። ጋልድሪክ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰው ሲወድቅ እስኪነሳ የሚጠበቅበት ቦታ በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ወደ አሥራ ሦስቶቹ የሄደው ለገንዘብ ብሎ ነው ያሉ አሉ። እርግጥ ነው አሥራ ሦስቶቹ በፊት በር ይከፍሉ ነበር፤ አሥራ አምስቶቹም በጓሮ በር ይከፍሉ ነበር። ጋልድሪክ በሁለቱም በር ሀብታም አልሆነም።

ለአባቱ የነገራቸው ወይን ሲገርዙ ነው። አብዶን መቀሳቸውን አላቆሙም፤ ቅርንጫፉን ቆርጠው ጣሉና ሌላውን ያዙ።

«ሁለቱን ሰዎች ምን አደረጓቸው?» አሉ።

«የትኞቹን፣ አባቴ?»

«የጎደሉትን ነዋ። አረዷቸው?»

ጋልድሪክ ሳቀ። አባቱ አልሳቁም። እዚያ ኳስ ይዤ እሮጣለሁ አላቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ይዤ መሮጥ እፈልጋለሁ አላቸው። አብዶን ያኔ መቀሱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«አንተ ምሰሶ ነህ» አሉ። «ምሰሶ ሲሮጥ ቤቱ ምን ይሆናል?»

ጋልድሪክ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስበው ኖሯል። ቢሆንም ሄደ።

ሕጉ የታወቀ ነው፤ አሥራ ሦስትን የነካ ወደ አሥራ አምስት አይመለስም፣ ዕድሜ ልኩን። ይህ የሜዳው ሕግ ነው፤ መንደሩ ግን የራሱን ጨመረበት። ከዛፉ ሥር ያለው ካፌ የአሥራ አምስቶች ስለሆነ ጋልድሪክ ሲገባ ወንበር ሁሉ የተያዘ ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ ጄፓ፣ መዝሙሩ ላይ ቀጭኑን ድምፅ የሚይዘው፣ ምላጬ ደንዟል አለው። ያ ምላጭ ለሌላው ሰው ሁሉ ስል እንደሆነ ለጋልድሪክ ብቻ ደንዝዞ ዓመታት ኖረ፤ ጋልድሪክም ጺሙን ለመላጨት ሌላ መንደር ይሄድ ነበር። አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ችግሩ በቅሏቸው አንዲት መሆኗ ነው። ሞረና የምትባል ጥቁር በቅሎ ናት፤ ግማሿ የአባት ግማሿ የልጅ ነበረች። አብዶን የራሳቸውን ማሳ ሲጨርሱ ማሳው ዳር ያለው በለስ ዛፍ ሥር አስረዋት ይሄዳሉ፣ ጋልድሪክ መጥቶ ይፈታታል፤ ማታ እዚያው ያስራታል። ኮርቻዋ ላይ አንዳንዴ የተረሳ መቀስ፣ አንዳንዴ ግማሽ ዳቦ ይገኛል። የተረሳ ነው ወይስ የተተወ? ያንን የምታውቀው በቅሎዋ ናት።

በዚያው ዓመት ጋልድሪክ አገባ። ሚስቱ ኮሎማ የባሕር ዳር ልጅ ናት፤ ዓሣ በጨው እየደረደረች ያደገች፣ ጨው እጇን ያላሸነፈው። ስለ አሥራ አምስትና አሥራ ሦስት የምታውቀው ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው ቀዳም ሥዑር ሲደርስ እንቁላሉን በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድራ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች፣ ፀጉሯን አበጠረች፣ በሩ አጠገብ ቆማ ጠበቀች። መዝሙሩ በመንገዱ ሲመጣ ይሰማል። ጎረቤታቸው እማማ ሲዶኒያ በር ላይ ደረሰ። ከዚያ እግሮቹ መንገዱን ሲሻገሩ ተሰማ፤ ቀጥሎ መዝሙሩ የተሰማው ከእነሱ በር ማዶ ነበር።

«ረሱን?» አለች ኮሎማ።

ጋልድሪክ ጫማውን እያየ አልረሱንም አላት። በፋሲካ ማግስት መንደሩ ሁሉ ሜዳ ወጥቶ ከየቤቱ የተሰበሰበውን እንቁላል በአንድ ትልቅ መጥበሻ ጠብሶ ሲበላ፣ እነሱ የራሳቸውን ቤታቸው በሉ። ኮሎማ ግን እልኸኛ ናት። በዓመቱ እንቁላሉን እዚያው መስኮት ላይ አስቀመጠች፤ በዓመቱም፤ በዓመቱም። ተይው ሲላት፣ «የነሱ እግር የራሳቸው ነው፣ መስኮቱ የኔ ነው» ትለዋለች።

እማማ ሲዶኒያ ባላቸው የሞተባቸው አሮጊት ናቸው። ቤታቸውና የጋልድሪክ ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ዶሮ ያረባሉ፤ አፋቸው ስለት ነው። ለአሥራ አምስቱም ለአሥራ ሦስቱም ግድ የላቸውም፤ ዶሮዎቼን አታስደንግጡብኝ እንጂ ሃያም ሁኑ ይላሉ።

በዚያው በመጀመሪያው ዓመት፣ ወንዶቹ እሳቸው በር ላይ ሲዘምሩ አንድ ነገር ሆነ። መዝሙሩ መሠረቱ ሄዶበት ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ይዋዥቅ ነበር። ጋልድሪክ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጦ ሰማ። ሊዘምር አላሰበም። ጉሮሮው ግን ከሱ ቀድሞ ተነሳ፤ ዝቅ አድርጎ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ያንን ወፍራም ድምፅ ከሥር አስገባለት። ውጭ የጄፓ ቀጭን ድምፅ ወዲያው ቀጥ አለ። ሁሉም ሰሙ። ደንቡ በየደጃፉ ሁለት ደስታ ዘምሮ ማለፍ ነው፤ መሪው በትሩን ሲያነሳ ይቆማል። የዚያን ቀን አብዶን በትራቸውን አላነሱም። ሦስተኛው ተዘመረ።

በዓመቱ አራት ሆነ። ከዚያ አምስት። ጥቂት ፋሲካዎች ሲያልፉ እማማ ሲዶኒያ በር ላይ ሰባቱም ደስታዎች ይዘመሩ ጀመር፤ ከንቲባው በር ላይ እንኳ ሁለት ብቻ ናት። መንደሩ ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል፣ የተናገረ ግን የለም። አሮጊቷ ወንበራቸውን ከግድግዳው አስጠግተው ሁለቱንም ወገን እየሰሙ፣ «በዚህ አገር እንደኔ የተወደደ ሰው የለም» ይላሉ። ለሰባቱ ደስታ የሚሰጡት እንቁላል ግን ለሁለቱ ከሚሰጡት በአንዲት አይበልጥም። ያ መዝሙር ሲያልቅ የእግሮቹ ድምፅ መንገዱን ይሻገራል። ጋልድሪክ ከመዝሙሩ ይልቅ ያንን መሻገር ነው ዓመቱን ሙሉ የሚሰማው።

ሜዳው ላይ ደግሞ ሕልሙን አገኘው ማለት ይቻላል። ከተማው ጨዋታ ባለው ቀን በጠዋት ባቡር ይወርዳል፤ ባቡሩ ወይኑን እየሰነጠቀ ሲሄድ ያንቀላፋል፣ ሲነቃ ሜዳው ላይ ነው። ያ ወፍራም ሰው ሲሮጥ ያየው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ፈጣን አልነበረም። ነገር ግን ክፍተት የምትከፈትበትን ቦታ ቀድሞ ያውቃል፤ ዕድሜውን ጭቃ ሲያይ የኖረ ዓይን ባዶ ቦታ ሲያይ ይስገበገባል። ሲጥሉት ይወድቃል፣ ይለቁታል፣ ይነሳል። መነሳቱን ከመሮጡ ይወደው ነበር። አንዳንዴ ሆን ብሎ ቀስ ይላል፤ አንድ ጉልበቱን፣ ከዚያ ሌላውን፣ እየተጠበቀ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አገሪቱ ተሸነፈች፤ አዲሱ መንግሥት ሰው ዳቦ በራሽን እየበላ ሳለ ጊዜ አግኝቶ የአሥራ ሦስቱን ጨዋታ ከለከለ። ሜዳውን ወሰደ፣ ኳሱንና መለያውን ወሰደ። የሚጫወት ሰው ወደ አሥራ አምስቱ ይመለስ፣ ያለፈው ይረሳለታል ተባለ። አንድ ማለዳ ጋልድሪክ በለሱ ሥር ሞረናን ሊፈታ ሲሄድ ኮርቻዋ ላይ የታሰረ ነገር አገኘ። የዱሮ መለያው ነው፣ የምሰሶው። አባቱ ያን ሁሉ ዓመት አስቀምጠውት ኖሯል።

መለያው ጠረጴዛው ላይ ቀናት ሰነበተ። ኮሎማ ልበሰው አለችው። አባትህ እጁን ዘረጋልህ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ አለችው። ጋልድሪክ ጨርቁን እየዳሰሰ መለሰላት።

«ይቅር ብሎኝ ቢሆን በሬን ይመታ ነበር። አሁን የጠራኝ ወገኔ ስለሞተ ነው። ቤትህ ሲቃጠል እኔ ጋ እደር ማለትና ቤቴ ቤትህ ነው ማለት አንድ አይደለም፣ ኮሎማ።»

ኮሎማ መለያውን አጠበችው፣ በፍም መተኮሻ ተኮሰችው፤ እሱም አጥፎ ኮርቻው ላይ መልሶ አሰረው። በቀዳም ሥዑር አብዶን እማማ ሲዶኒያ በር ላይ ሁለት ደስታ አስዘምረው በትራቸውን አነሱ። ጋልድሪክ ሦስተኛውን ሊጀምር የሳበው ትንፋሽ ደረቱ ውስጥ ቀረ። ያን ቀን አለቀሰ፤ ኮሎማ ዞር ብላ እንቁላሉን ከመስኮት አነሳች።

እንዲህ ሆኖ ምርጥ ዓመቶቹ ወይን ሲገርዝ አለፉ። ሰው ሞኝ ነው አለው። ምናልባትም ነው። ጦርነቱ አልቆ ጨዋታው ሲፈቀድ እግሩ ከብዶ፣ ፀጉሩ ሳስቶ ተመለሰ። የመጨረሻው ጨዋታው ላይ ግን፣ ያ የኛ አገር የሰሜን ነፋስ ዛፍ ሲያጎነብስ በነበረበት እሁድ፣ ኳሷ እጁ ገባች፤ ፊቱ ላይም ማንም አልነበረም። ሮጠ። ነፋሱ ከኋላው ነበር፤ የሕዝቡን ጩኸት ይዞት ወደ ባሕር ሄደ፣ ስለዚህ ምንም አልሰማም። የራሱን ትንፋሽ ብቻ ሰማ። እግሩ መሬቱን ነካ አይነካ አላወቀም። ከመስመሩ ማዶ ኳሷን ሣሩ ላይ ሲያስቀምጥ ቀና ብሎ የተመልካቹን አጥር አየ፣ ከዳር እስከ ዳር ፈለገ፤ የሚፈልገው ሰው አልመጣም ነበር። ሕልሙ ውስጥ የሚጮኽለት ያልነበረው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው። ጫማውን ሰቀለ።

እማማ ሲዶኒያ በር ላይ መዝሙሩ ከጦርነቱ በኋላ ቀስ በቀስ መርዘም ጀምሮ ነበር። ሦስት፣ አራት፤ አንድ ዓመት ጄፓ ጉንፋን ይዞት ወደ ሦስት ወረደ፣ ከዚያ አምስት። አብዶን አርጅተዋል፤ በትሩ የመሪነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ መደገፊያቸው ሆኗል። ስድስት በደረሰ ዓመት፣ በክረምቱ፣ አሮጊቷ ታመው ተኙ። ጋልድሪክ ማገዶ ሲያስገባላቸው ወደ አልጋቸው ጠሩት።

«ዶሮዎቼን ውሰድ» አሉት። «ይቺ ቀዩዋ ትናከሳለች፣ ካባትህ ትመሳሰላለች። በቀዳም ሥዑር እንቁላላቸውን ይዘህ እኔ በር ላይ ተቀመጥ። ጸልዩ እንዳትላቸው። ጸሎት በሕይወቴ በቅቶኛል፤ ዘምሩ በላቸው።»

«ቤቱ ባዶ ከሆነ አያንኳኩም፣ እማማ።»

«አንተ ከተቀመጥክበት ምኑ ነው ባዶ?» አሉት።

ሞቱ። የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ቤቱን ቆልፎ ሄደ። ጋልድሪክን ፍርሃት ያዘው። ያ በር ከሌለ መዝሙሩ መቆሚያ የለውም፤ ወንዶቹ ሁለቱን ቤት አንድ ላይ ዘለው ያልፋሉ፣ እሱና አባቱ የሚገናኙባት ያቺ አንዲት ግድግዳም ትዘጋለች።

ቀዳም ሥዑር ደረሰ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጋልድሪክ የእንቁላሉን ቅርጫት ይዞ ወጣና የእማማ ሲዶኒያ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። ኮሎማ በራቸውን ከውስጥ ዘጋች፤ የራሷ እንቁላል እንደልማዱ መስኮቷ ላይ ነው። መዝሙሩ በመንገዱ መጣ። ወንዶቹ ሲያዩት እግራቸው ተሳሰረ፤ ጄፓ መሪውን አየ። አብዶን በበትራቸው እየተደገፉ ቀረቡ፤ ልጃቸውን አላዩም። ከትከሻው በላይ አሳልፈው የተቆለፈውን በር መቱ።

«እንዘምር ወይስ እንጸልይ?» አሉ፣ ለበሩ።

ጋልድሪክ ጉልበቱ እየተንቋቋ ተነሳ። «ዘምሩ» አለ።

ሰው የሞተበት ቤት ነው፣ የሚገባው ጸሎት ነው ሲል ጄፓ አጉረመረመ። እሳቸው ናቸው ያሉት፣ ሰባቱንም ብለዋል አለ ጋልድሪክ፤ ሰባቱን ማለታቸው ግን የሱ ጭማሪ ነበር። አብዶን ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አሉ።

«የማን እንቁላል ነው?»

«የእማማ ሲዶኒያ ዶሮዎች።»

«የት ነው የሚያድሩት?»

«እኔ ጋ።»

አብዶን አንዷን እንቁላል አንስተው በብርሃኑ አገላበጧት። የልጃቸው ቤት እንቁላል በጉሮሯቸው እንደማይወርድ ካፌው ፊት የማሉ ሰው ናቸው። «ዶሮ ምን ታውቃለች» አሉና ጄፓ የያዘው ቅርጫት ውስጥ በቀስታ አስቀመጧት። ከዚያ መዝሙሩን አነሱ።

ጋልድሪክ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ፊት ለፊታቸው፣ አፉን ከፍቶ ዘመረ። ያን ሁሉ ዘመን በግድግዳ የሰማውን የአባቱን ድምፅ አሁን ከአፋቸው ሲወጣ አየው፤ ጥርሳቸው ረግፏል፣ አገጫቸው ይንቀጠቀጣል። ሰባቱም አለቁ። ቀጥሎ ያለው በር የጋልድሪክ ነው። ወንዶቹ ልማድ ሆኖባቸው መንገዱን ሊሻገሩ ዞሩ። አብዶን አልዞሩም።

«መሠረት ከኋላ ነው የሚቆመው» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

ጋልድሪክ ሄዶ ከኋላ ቆመ። አብዶን የልጃቸውን በር በበትራቸው መቱ፤ ጥያቄውን ጠየቁ። ጋልድሪክ የራሱ በር ውጭ ቆሞ የሚስቱን መልስ ጠበቀ።

«ጸልዩ» አለች ኮሎማ ከውስጥ።

ወንዶቹ ተያዩ። ጄፓ ማን ሞተባችሁ ሲል በሩ ተከፈተ። ኮሎማ ጄፓን አላየችም፤ አማቷን ነው ያየችው።

«ፋሲካ ነው የሞተብን፣ አባባ። እዚህ ቤት ስንት ፋሲካ ሞቷል። እርስዎ ያውቁታል፤ እያንዳንዱን በእግርዎ ነው አልፈውት የሄዱት። መጀመሪያ ጸልዩለት።»

አብዶን ቀይ ቆባቸውን አወለቁ። ደንቡ ቆሞ መጸለይ ነው፤ እሳቸው ግን ድንጋዩ ላይ ተንበረከኩ። አባታችን ሆይን ጀመሩት፤ በደላችንን ይቅር በለን የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው አለቀ። ቀሪውን ከኋላ ያ ወፍራም ድምፅ ይዞላቸው ጨረሰ።

ሊነሱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ወንዶቹ በግራ በቀኝ ሊያነሷቸው ተንጋጉ።

«ልቀቋቸው» አለ ጋልድሪክ። «ወደኋላ በሉ። ራሳቸው ይነሳሉ።»

ወደኋላ አሉ። አብዶን በትራቸውን ተከሉ። አንድ ጉልበታቸውን አነሱ፣ ትንሽ አረፉ፣ ከዚያ ሌላውን። ማንም አልነካቸው፣ ማንም አላቻኮላቸው። ቀጥ ብለው ከቆሙ በኋላ ወደኋላ ዞረው ልጃቸውን አዩት።

«እናንተ ዘንድ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው፣ አባቴ። የወደቀውን ይጠብቁታል።»

«እህ» አሉ አብዶን። ቆባቸውን ደፉ፣ ወደ በሩ ዞሩ፤ ወለል ብሎ የተከፈተውን በር እንደገና በበትራቸው መቱ።

«እንዘምር ወይስ እንጸልይ?»

ኮሎማ እንቁላሉን ከመስኮት አንስታ በነጩ ጨርቅ እንደታቀፈች ነበር።

«አሁንማ ዘምሩ» አለች።